መኪና አይንዱ

የሙህዲን ማሳ የመጨረሻው ነው። ከእሱ ወዲያ የቦርከና ወንዝ ነው፤ ቦርከና ዳር ደንገሉ ነው፤ ደንገሉ ውስጥ ደግሞ ጥቅምት ሲገባ ግሪሳ ያድራል። ወፎቹ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚያገኙት የሙህዲንን ማሽላ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱም ሆዳቸውን ሞልተው ለመግባት የሚያርፉት እዚያው ነው። በዚያ የጨፋ ሜዳ ጥግ ማሽላ የዘራ ሰው ሁሉ በየማማው ላይ ይቆማል፤ ጆሮው ግን ሙህዲን ማማ ላይ ነው። የሙህዲን ጅራፍ ሲጮህ ሌላው ወንጭፉን ያነሳል። የሙህዲን ጅራፍ ዝም ካለ ወፍ የለም ማለት ነው፤ ሰው ይቀመጣል፣ ያወጋል፣ ጥላ ይፈልጋል።

ወገቡ የተያዘው በዚሁ ማማ ላይ ነው። ድንጋይ ወንጭፉ ላይ አድርጎ እያሽከረከረ ሳለ ከወገቡ በታች አንድ ነገር እንደ ገመድ ተወጠረና ሳይለቅ ቀረ። መጮህ እንኳ አቃተው። ሚስቱ ዓዲላ ውሃ ይዛ ስትመጣ መሰላሉ ጫፍ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ መውረድም መቆምም ተስኖት አገኘችው። ትከሻዋን ሰጥታ አወረደችው፤ ወንጭፉን ከእጁ ወስዳም እሷ ወጣች። ማሽላው ወተት ይዟል። በዚህ ጊዜ ማማ ባዶ አይተውም።

በማግስቱ እሷ እየጠበቀች እሱ ከሚሴ ሄደ። ሐኪሙ ጀርባውን ተጫን ተጫን አደረገና አጥንቱ ምንም አልሆነም፣ ጡንቻው ነው የተኮማተረው አለው። መድኃኒት ጻፈለት።

«ደግሞ እረፍት ያስፈልግዎታል» አለ።

«በጥቅምት?» አለ ሙህዲን።

ሐኪሙ የከተማ ልጅ ነበር፤ ጥያቄው አልገባውም። ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ፋርማሲው ሰው ሞልቶታል። መድኃኒት የምትሰጠው ሙና የምትባል ወጣት ናት፤ ማዘዣውን አየችና ክኒኑን አውጥታ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«አባቴ፣ ይሄ ጡንቻ የሚያፍታታ ነው። ማታ ሲተኙ አንድ ብቻ። ሕመሙ ቢብስብዎት እንኳ አይጨምሩ። እስኪያልቅ ይውሰዱና ካልተሻለዎት ተመልሰው ይምጡ።»

«እሺ ልጄ።»

«እንቅልፍ ያመጣል። እየወሰዱ መኪና አይንዱ።»

ሙህዲን ወገቡን ይዞ ሳቀ። «መኪና? ወላሂ ልጄ፣ አህያም የለችኝ!»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። «እሱን ምክር ለእኔ ስጪኝ፣ የደሴ ሹፌር እኔ ነኝ!» አለ አንዱ።

ሙናም ሳቀች። «ከመጠጥ ጋርም አይውሰዱት» አለች፣ መናገር ስላለባት።

«አስተግፊሩላህ! በዚህ ጢሜ?»

«በሉ ዓፊያ ያድርግዎ።»

ሙህዲን ክኒኑን ኪሱ ከቶ ወደ መኪና ተራ ሄደ። እንዳይነዳ የተነገረውን መኪና አይነዳም፤ እንዳይጠጣ የተነገረውን መጠጥም ኖሮ ኖሮ አልቀመሰም። ስለዚህ ክልከላው ለሌላ ሰው የተነገረ፣ መድኃኒቱ ብቻ ለእሱ የተሰጠ ሆኖ ተሰማው። ቤቱ ሲገባ ለዓዲላ የነገራትም እንደዚያ አድርጎ ነው፤ እሷም ሳቀች።

የመጀመሪያውን ሌሊት እንደተባለው ወሰደ። ለሱብሂ ሶላት ዓዲላ ደጋግማ ነቅንቃ ቀሰቀሰችው። ሲነሳ ራሱ ላይ ጋቢ የተጠቀለለበት ያህል ከብዶት ነበር፤ ወገቡ ግን ለቆታል። ማማው ላይ ወጥቶ እንደ ድሮው ወነጨፈ። እኩለ ቀን ላይ ያ ገመድ ተመልሶ ተወጠረ።

ምሳውን በልቶ ኪሱን ሲዳብስ ዓዲላ አየችው።

«ማታ ነው ያለችህ» አለችው።

«ማታ ምን ይሠራልኛል? ማታ እኔም ወገቤም ተኝተናል። የሚያመኝ ቀን፣ ስቆም ነው። ለሚያም ሰዓት ነው መድኃኒት።»

«እንቅልፍ ያመጣል አላለችህም?»

«ያለችው ለሹፌር ነው።» ከሽርጡ መቀነት ውስጥ እስር ጫት አወጣና አሳያት። «ለእንቅልፉ ደግሞ ይሄ አለ።»

ጫት በማማ ላይ ነውር አይደለም። ወፍ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይቅማል፤ ጠዋትን ከማታ የሚያገናኝለት እሱ ነው። የሙህዲንም ሐሳብ ሞኝነት ነው ለማለት ይቸግራል። አንዱ ያስተኛል፣ አንዱ ያነቃል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ወገብ በመሀል ይድናል ብሎ ነው ያሰበው።

ክፋቱ ደግሞ መሥራቱ ነው። ለተወሰኑ ቀናት ሰውየው የወጣትነት ክንዱ የተመለሰለት መሰለ። የጎረቤቱ የአብደላ ማማ በወንጭፍ ድንጋይ ርቀት ላይ ነው፤ ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲጯጯሁ ነው የሚውሉት።

«ያ ሙህዲን! አካም ጅርታ?» ይላል አብደላ በኦሮምኛ።

«ነጋ! ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ!»

«ወገብህ ዳነ? ወይስ ዓዲላ ናት የምትወነጭፍልህ?»

«ቀና በልማ፣ መዳኔን በኮፍያህ ላሳይህ!»

«ተው አቦ! ኮፍያው የሐጂ ነው፣ አትንካው!»

«ሐጂው አንተ አይደለህ፤ አጎትህ ናቸው! ለእሳቸው ስል ነው የምምርህ!»

ዓዲላ ከታች ሆና ትሰማቸዋለች። ትስቅና መልሳ ታስባለች። በዚያ አካባቢ ሰው ታመምኩ ካለ ማሳው ሰው አያጣም። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይወጣል፤ በተራ ማማው ላይ ይቆሙለታል፤ ማንም ለምን አይልም። የዳሩ ማሳ ከተበላ ቀጥሎ ያለው እንደማይተርፍ ያውቃሉና። ከታማሚው የሚጠበቀው አፉን ከፍቶ መናገር ብቻ ነው።

«ለአብደላ ንገረው» አለችው አንድ ቀን ከሰዓት። «ኢርፋንን ይልክልናል።» ኢርፋን የአብደላ ትልቁ ልጅ ነው፤ ክንዱ ብርቱ ነው።

«ምን ብዬ? ጅራፌ ሲጮህ እየሰማ? ድኛለሁ እኮ። ድኖ ሳለ ታምሜያለሁ የሚል ሰው የት አየሽ?»

«ከዳንክ ለምን ትውጣለህ?»

«ስለምውጥ ነው የዳንኩት!»

ይሄን ሲል የሚናገረው ነገር የገባው አይመስልም ነበር።

ማታ ማታ ሌላ ችግር መጣ። ቀን የቃመው ጫት እንቅልፍ ይከለክለዋል። ጣሪያው ላይ አፍጥጦ ይገላበጣል፤ ሲገላበጥ ወገቡ ይነሳበታል። እናም «ልጅቱስ ማታ አይደል ያለችው» እያለ አንድ ይደግማል። ቀን ለወገቡ፣ ማታ ለእንቅልፉ። ዓዲላ የክኒኑን ማሸጊያ አገላብጣ አየችና ቶሎ መጉደሉ አስደነገጣት።

«አንድ አይደል እንዴ የተባለው?»

«ወገብ ሁለት ጎን አለው» ብሎ ቀለደባት።

ቀልዱ ግን እያነሰ፣ ንግግሩም እየተንቀራፈፈ መጣ። አንድ ቀን ዙህር ሰግዶ ከጨረሰ በኋላ «ሰግጃለሁ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። መሰላሉን ሲወጣ እግሩ እርከኑን በዳበሳ ነው የሚያገኘው። ዓይኑ ቀልቷል። ዓዲላ ስታሰላስል ጥፋቱን ያገኘችው ጫቱ ላይ ነው። ክኒኑ የሐኪም ነው፤ በመስታወት በኩል ተሰጥቶ የመጣ ነው፤ እሱ አይጎዳም። የሚጎዳው ያ ቅጠል ነው፤ እንቅልፉን የነሳው፣ ዓይኑን ያቀላው፣ ሌሊት ሁለተኛ ክኒን እንዲውጥ ያደረገው እሱ ነው። ጫት እያዞረች የምትሸጠው ፋሪዳ በማለዳ ስትመጣ ዓዲላ በራፍ ላይ ጠበቀቻትና «ዛሬ አንፈልግም» ብላ መለሰቻት። ለሙህዲን ፋሪዳ አልመጣችም አለችው።

ተነጫነጨ። ቢሆንም ከዙህር በኋላ ክኒኑን ዋጠ፤ ሌሊቱን ስላልተኛና ወገቡ ጠዋት ስለከበደው ሌላም ጨመረበት። ከዚያ ማማው ላይ ወጣ።

ከሰዓቱ ፀጥ ያለ ነበር። የሙህዲን ጅራፍ አልጮኸም። አብደላ ማማው ላይ ተቀመጠ፤ ኢርፋን ወርዶ ለላሞቹ አገዳ ይቆርጥ ጀመር። ከወዲያ ያሉትም ጥላ ውስጥ ገብተው አረፉ። «ዛሬ ወፉ ወደ ላይ ሄዷል» ተባባሉ። ዓዲላም ቤቷ ሆና ዝምታውን ሰማችና ደስ አላት፤ ዛሬ እንኳ ወገቡን ያሳርፋል አለች።

ዐስር ከተሰገደ በኋላ ውሃና ቂጣ ይዛ ወጣች። ማሳው ጥግ ስትደርስ ዝናብ የሚዘንብ መሰላት። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ድምፁ ከማሽላው ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ቅጠል ላይ እንደሚወርድ ደቃቅ ካፊያ ነው። ቀና ብላ አየች። ማሽላው ጠቁሯል። በእያንዳንዱ አናት ላይ ግሪሳ ተደራርቦ ሰፍሮበታል፤ አገዳው ከክብደቱ የተነሳ ጎንበስ ብሏል፤ ድምፁ የሚፈለፈለው እሸት ነበር።

«ሲምቢራ! ሲምቢራ! ወፍ!» ብላ ጮኸች። እቃውን ጥላ ሻሿን ፈትታ እያውለበለበች ገባች። ወፎቹ እንደ ጨርቅ ከፊቷ ተነሱና ከኋላዋ መልሰው ተነጠፉ።

ሙህዲን ማማው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ጅራፉ እጁ ላይ ነው።

«አንተ ሰው! ተነስ!»

አብደላ ያን ጊዜ ነው ልብ ያለው። «ያ ሙህዲን! ከኢ! ከኢ!» እያለ በኦሮምኛ ተነስ ይለዋል፤ እየጮኸም ጅራፉን ያጮሃል። ኢርፋን ማጭዱን ጥሎ ሮጠ። ሙህዲን ዓይኑን ገለጠ። ዓዲላን አያት፤ ግን የት እንደሚያውቃት የሚያስብ ይመስል ነበር። ወፉን ሲያይ ያኔ ገባው። መሰላሉን ለመውረድ ተጣደፈ፤ እግሩ እርከኑን ሳተና ከመሀል ወደቀ። ማሽላው ያዘው። እንደ ተቀመጠ ወንጭፉ ላይ ድንጋይ ለማድረግ ሞከረ፤ ጣቶቹ አልጨበጡለትም። ድንጋዩ ጭኑ ላይ ወደቀ። እንደገና አነሳው፤ እንደገና ወደቀ።

ዓዲላ ወንጭፉን ነጠቀችው።

አብደላና ኢርፋን፣ ከወዲያም የመጡት ሰዎች እየጮኹ ወፉን አብደላ ማሳ ውስጥ ጥቂት ዘልቆ ሳለ መለሱት። ከሙህዲን ማሳ የተነሳው ግን ጠግቦ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደንገሉ ውስጥ ገባ። ቆሞ የቀረው ማሽላ አናቱ የተላጨ፣ ገለባው ነጭ ሆኖ ነበር።

ሰዎቹ ሙህዲንን ከበው ቆሙ። እሱ መሬት ላይ ነው።

«ጅራፍህን አልሰማንም» አለ አብደላ ሳይጮህ። «ወፍ የለም ብለን ተቀመጥን።»

«አብዝቶ ቅሞ ነው» አለ ከኋላ አንዱ።

«ጫት የቃመ ሰው ይተኛል እንዴ?» አለ ኢርፋን።

ሙህዲን እጁን ኪሱ ከቶ የክኒኑን ማሸጊያ አወጣና ሰጠው። ኢርፋን ጀርባውን አገላብጦ አነበበ፤ ቀሪውን ዳበሰ፤ ለአባቱ አሳየ።

«ይሄን እየዋጥክ ነው እዚህ ስትቆም የከረምከው?» አለ አብደላ።

«ለወገቤ ነው።»

«እና አፍህን ምን ያዘው? እኔ ስቀልድብህ! ‹ኢርፋንን ላክልኝ› ማለት አቃተህ? አልልክልህም ነበር?»

«የዳንኩ መስሎኝ ነው።»

«የዳነ ሰው ነው ይሄን ሁሉ የሚውጥ?»

አንድ ሽማግሌ «በቃ፣ አላህ ያለው ነው» አሉ።

«አላህ ያለውማ ነው» አለ አብደላ፤ «ግን አላህ አፍም ሰጥቶታል።» ይሄን ብሎ የራሱን ማሳ ሊያይ ሄደ።

ዓዲላ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ከሚሴ ገባች። የክኒኑን ማሸጊያ መስታወቱ ላይ አኖረችው። ሙና ሰውየውን ወዲያው አስታወሰችው፤ ስለ አህያው ሳቋ መጣ፤ የዓዲላን ፊት ስታይ ዋጠችው።

«ማሽላችን ተበላ» አለች ዓዲላ። «ማማ ላይ ተኛ። ሲወርድም ወደቀ።»

«ተሰበረ?»

«እሱ ደህና ነው። የዓመት እህላችን ነው ያለቀው።»

ሙና ማሸጊያውን አነሳች። «ቀን ነው ሲወስድ የነበረው?»

«ቀንም ማታም።»

«እኔ ማታ አንድ ብዬዋለሁ። አይጨምሩ ብዬዋለሁ። እንቅልፍ ያመጣል፣ መኪና አይንዱ ብዬዋለሁ።»

«መኪና የለውም።»

«እሱማ…»

«ማማ ነው ያለው። ማማ ላይ አይውጡ አላልሽውም።»

«ማማ ላይ እንደሚውል አልነገረኝም፣ እናቴ።»

«አልጠየቅሽውም።»

እውነት ነው፤ አልጠየቀችውም። ከኋላው ብዙ ሰው ነበር፤ ያስተማሯትን ሁሉ ተናግራለች፤ የተናገረችው ሁሉም ልክ ነው። ዓዲላም ይሄን ታውቃለች። ሰውየውም ማታ የተባለውን ቀን ማድረጉን ታውቃለች። ማን ላይ ጣቷን እንደምትቀስር ስላላወቀች ነው እዚህ ድረስ የመጣችው።

«ጫትስ ይቅማል?» አለች ሙና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ይቅም ነበር። የዚያን ቀን እኔ ነኝ የከለከልኩት። ጫቱ ነው የሚጎዳው ብዬ።» የሻሿን ጫፍ ጨበጠች። «ባልከለክለው ኖሮ አይተኛም ነበር።»

«ባትከለክዪው ዛሬ ባይተኛ ነገ ይተኛ ነበር። ጫት እንቅልፉን ይደብቀዋል እንጂ መድኃኒቱን ከሰውነት አያወጣውም። ያን ያህል ውጦ ከዚያ ከፍታ በአናቱ ቢወድቅስ? አላህ ነው ያተረፈው።»

«ያተረፈው ማሽላው ነው» አለች ዓዲላ። «አገዳው ላይ ነው የወደቀው።»

ሙና ያን ዕለት ልትጠይቅ ይገባት የነበረውን ሁሉ ጠየቀች፤ ቀን ምን ይሠራል፣ ምን ላይ ይወጣል፣ ምን ይቅማል፣ ሌሊት እንዴት ይተኛል፣ ሌላ ምን ይውጣል። የቀረውን ክኒን እንዳይነካ፣ ለሌላ ወገቡን ለሚያመው ሰውም እንዳይሰጥ፣ ዛሬውኑ መጥቶ ሐኪሙ ደግሞ እንዲያየው ነገረቻት። በጥሩ ሁኔታ፣ አንድ በአንድ ነው የነገረቻት። ዓዲላ እያንዳንዱን ሰማች። ሁሉም የገባት፣ ምንም የማይመልስላት ነገር ነበር።

ከአጨዳ በኋላ ከሙህዲን አውድማ የወጣው እህል እስከ በልግ አያደርስም ነበር። አገዳው ለላሟ ተረፈ። ወገቡ በእረፍትና በሙቅ ውሃ ቀስ በቀስ ለቀቀው፤ ያን እረፍት ያገኘው የሚጠብቀው ነገር ስለሌለ ነው።

አብደላ አውድማውን ያነሳ ዕለት ከኢርፋን ጋር መጣ። ኢርፋን ጆንያ ተሸክሟል። በራፉ ላይ አወረደው።

«ምንድን ነው?» አለ ሙህዲን፣ ምን እንደሆነ እያወቀ።

«ዘካ ነው።»

ሙህዲን ከአባቱ ማሳውን ከተረከበ ጀምሮ በዚህ ወቅት ዘካ አውጪ ነው። ተቀባይ ሆኖ አያውቅም። ፊቱ ጠቆረ።

«አንተም ተበልቶብሃል እኮ።»

«የእኔ ለዘካ የሚደርስ ተርፎኛል፣ አልሀምዱሊላህ። ይሄ ስጦታ አይደለም ሙህዲን። ሐቅህ ነው። ብከለክልህ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

ስድብ ቢሆን ይመልሰው ነበር። ምጽዋት ቢሆንም ይመልሰው ነበር። ሐቅ ግን አይመለስም። ዘካ የተቀበለ ሰው ደግሞ ለሰጪው ዱዓ ያደርጋል። ሙህዲን እጁን ዘረጋ።

«በሰጠኸው አላህ አጅርህን ይክፈልህ» አለ። «ባስቀረኸው…»

እዚያ ላይ ቆመ። ቃሉን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ በየዓመቱ ሰዎች ለእሱ ሲሉት ሰምቶታል፤ አብደላ ያስቀረው ግን በእሱ እንቅልፍ የጎደለ ነበር። ዓዲላ ከውስጥ ሆና ጠበቀች። እንደማይጨርሰው ሲገባት «ባስቀረኸው ይባርክልህ» ብላ ሞላችለት።

«አሚን» አለ አብደላ። ለመሄድ ዞር አለና እንደገና ቆመ። «ደግሞ… ለከርሞ ስለ ዳሩ ማማ ተነጋግረን ነበር። ኢርፋን ይቁምበት ተብሏል። ያንተም ማሳ አብሮ ይጠበቃል። አንተ አታስብ።»

«ማነው ያለው?»

«ሁላችንም።»

«ጥሩ አስባችኋል» አለ ሙህዲን።

ጆንያውን ወደ ቤት ሊያስገባ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ኢርፋን ቀደመውና «ተዉት አባባ፣ እኔ አስገባዋለሁ» ብሎ አነሳው።